የሚያበቅል እጅ

በሰለች የወንድሟ ሚስት ይመኙሻል ስለ እሷ የምትናገረውን የሰማችው የሸራ ጫማዋን ክር እያሰረች ሳለ ነው። ክፍሏን ከትልቁ ቤት የሚለየው ግድግዳ ጭቃው ረግፎ በላዩ አሮጌ ጋዜጣ ስለተለጠፈበት ሳል እንኳ አይደብቅም። የስድሳ አንድ ዓመተ ምሕረት ጥር ነው፤ ቅዳሜ ጠዋት። የደብረ ብርሃን ውርጭ ገና ከቆርቆሮው ላይ አልለቀቀም። በማግስቱ የወንድሟ ልጅ አልታየች ለአንድ የእነዋሪ እህል ነጋዴ ልጅ ትዳራለች። በግቢው ዳስ ተጥሏል፤ የጠላው ጋን ተደርድሯል፤ ከገጠር የመጡ ዘመዶች በየጥጉ ተኝተዋል። ይመኙሻል ይህን ሁሉ ሰው ላለመቀስቀስ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነበር የምታወራው። ዝቅ ያለ ድምፅ ግን በዚያ ግድግዳ ከጩኸት ይልቅ ጥርት ብሎ ያልፋል።

«የልጄን ፀጉር በእሷ እጅ አላስነካም» አለች። «እጇ ላይ ምን በቅሎ ያውቃል? ልጅ አላፈራች፣ ትዳር አላጸናች፣ ያ ጠርሙሷ እንኳ ሻጋታ ነው የሚያበቅለው። ራሷ ስታወራ ሰምተህ የለም እንዴ?»

በሰለች የጫማዋን ክር እንደያዘች የወንድሟን መልስ ጠበቀች። ገብረጻድቅ ባና ሸማኔ ነው። ለሙሽሮቹ የሚሰጠውን የሱፍ ባና ለመጨረስ ገና ሳይነጋ ተነሥቶ ሥራው ላይ ተቀምጧል። ጥቂት ቆይቶ ለእሷስ ማን ይነግራታል ብሎ ጠየቀ። ሚስቱም ማንም እንደማይነግራት፣ ሥራ ስትሄድ ሹሩባ ሠሪዋን ወይዘሮ ታንጉትን እንደምታስጠራ፣ ስትመለስ ነገሩ አልቆ እንደምታገኘው አስረዳችው። ከዚያ ወዲያ የወንድሟ ድምፅ አልተሰማም። የተሰማው የሽመናው መወርወሪያ ነው፤ ግራ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ፣ እንደ ወትሮው። ከይመኙሻል ቃል ይልቅ በሰለችን ያቆሰላት ይህ መወርወሪያ ነው።

በዚያ አገር የሹሩባ ሠሪ እጅ ይመረጣል። የአንዷ እጅ ፀጉር ያሳድጋል፣ የሌላዋ ያሳሳል ይባላል፤ ለሙሽራ ሲሆን ደግሞ ወልዳ የሳመች፣ ቤቷ የሞላ ሴት ትፈለጋለች። ይሁን እንበል። ግን አልታየችን ከሕፃንነቷ ጀምሮ ስትሠራት የኖረችው በሰለች ናት። በሰለች ከባሏ ተፋትታ ከአንኮበር ወደ ወንድሟ ቤት ስትመጣ ልጅቷ ገና በእንፉቅቋ ትሄድ ነበር። ይመኙሻል ገበያ ለገበያ እየዞረች ባና ስትሸጥ አልታየችን አዝላ ያሳደገቻት፣ ቅማሏን የለቀመችላት፣ በጉልበቶቿ መሀል አስቀምጣ የጎነጎነቻት እሷ ናት። ያ ፀጉር ዛሬ ወገብ ይደርሳል። ወገብ ያደረሰው የማን እጅ እንደሆነ በዚያ ቤት የጠየቀ ሰው የለም። አልታየች ገና የወተት ጥርሷን ሳትለውጥ፣ ስዳርም የምትሠሪኝ አንቺ ነሽ ብላ አስምላታለች። ልጅቷ ረስታው ይሆናል። በሰለች ግን አልረሳችውም። ለዚህች ቀን ብላ፣ በሠርግ ወር የቅቤ ዋጋ እሳት ሆኖ ሳለ፣ አደስ የገባበት ለጋ ቅቤ ከሰላ ድንጋይ ሴቶች ገዝታ በወተት ቆርቆሮ ከአልጋዋ ሥር አስቀምጣለች።

ሌላ ሴት ብትሆን መጋረጃውን ገልጣ ገብታ፣ የሰማሁትን ሰምቻለሁ ብላ ቤቱን ታምሰው ነበር። በሰለች ነጠላዋን ለበሰችና ወጣች። ቅዳሜ ግማሽ ቀን ሥራ አለ፤ አለቃዋ አዲስ አበባ ስለሄዱ ጠርሙሶቹን የሚያይ ሌላ ሰው የለም። ለራሷ የሰጠችው ምክንያት ይህ ነው። እውነቱን ለመናገር ግን ይመኙሻል ያለችውን ግማሹን እሷም ታምነው ነበር። ደጅ ላይ አልታየችን ፊቷን ስትታጠብ አገኘቻት። ልጅቷ ዛሬም ሥራ አለ እንዴ ብላ ጠየቀቻት፤ አዎ፣ እመለሳለሁ ስትላት ግን ቀና ብላ አላየቻትም፤ ውሃውን ሁለት ጊዜ ፊቷ ላይ ረጨች።

የቅዳሜ ገበያተኛው ከተማውን እየሞላው ነበር። ገብስ የጫኑ አህዮች፣ ኩበት የተሸከሙ ሴቶች፣ ትንፋሻቸው የሚጨስ በጎች በጠባቡ መንገድ ይጋፋሉ። በሰለችን የሚያውቋት ሰላም እያሏት ዓይናቸው ሻሿ ላይ ያርፋል። ለሥራዋ ስትል ፀጉሯን አሳጥራ ስለምትቆርጥ የማያውቃት ሁሉ ሐዘን የገባች ይመስለዋል። አንዳንዱም ማን ሞተብሽ ይላታል። በመጀመሪያው ዓመት ቆማ ታስረዳ ነበር፤ ማንም አልሞተብኝም፣ የመሥሪያ ቤት ደንብ ነው ትል ነበር። ሰው እንደማያምናት ስታይ ማስረዳቱን ተወችው። አሁን እግዜር ያጽናሽ ሲሏት አሜን ብላ ታልፋለች።

የምትሠራበት የአትክልት ጣቢያ ከከተማው ወጣ ብሎ ከበሬሳ ወንዝ አጠገብ ነው፤ ላቦራቶሪው ደግሞ ድሮ የእህል መጋዘን የነበረ አንድ ክፍል። ሐሳቡ የአለቃዋ የአቶ ኪዳነ ማርያም ነው። ውጭ አገር ተምረው እንደ ተመለሱ አንኮበር ገደል ላይ፣ ከጎረቤላ በታች፣ ሽታው ከሩቅ የሚጠራ አንድ የጦስኝ ቁጥቋጦ አገኙ። ዘሩን ብንዘራው ልጁ እናቱን አይመስልም፤ ስለዚህ ከራሷ ከእናቲቱ ጫፍ ጫፉን ቆርጠን በጠርሙስ እናባዛታለን፣ ዘይቷንም አውጥተን አገር እናስጠቅማለን አሉ። የምትቆረጠው ጫፍ ከሰሊጥ አትበልጥም። አፈር የሚባል ነገር የለም። ስኳርና ልዩ ልዩ ጨው ገብቶበት እንደ ቀዘቀዘ አጥሚት በረጋ ምግብ ላይ ትቀመጣለች፤ የጠርሙሱ አፍ በጥጥ ይወተፋል፤ ከዚያ መብራት በርቶለት መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። ያ ምግብ ግን ለሻጋታም ድግስ ነው። ስለዚህ ዕቃው ሁሉ በእንፋሎት ይቀቀላል፣ እጅ እስከ ክርን በአልኮል ይታጠባል፣ ሥራውም የሚሠራው በመስታወት ሣጥን ውስጥ በሁለት ቀዳዳ እጅ አስገብቶ ነው። እዚያ የሚሠራ ሰው ቅቤ አይቀባም፣ ሽቶ አይነካም። ጠርሙስ ተከፍቶ ሳለ ደግሞ አይወራም።

በሰለች የተቀጠረችው ጠርሙስ ልታጥብ ነበር። አቶ ኪዳነ ማርያም አንድ ቀን ጣቶቿን አይተው ሹሩባ ትሠሪያለሽ እንዴ አሏት፤ አዎ ስትል መቆንጠጫውንና ምላጩን ሰጧት። ብዙ ፀጉር የለየ ጣት አይንቀጠቀጥም ብለው ነው። ሥራውን ወደደችው። ዝምታው ግን ቀስ እያለ ገባባት። አለቃዋ ብዙውን ጊዜ በጉዳይ አዲስ አበባ ስለሚሆኑ ቀኑን ሙሉ አንድ ቃል ሳታወጣ ትውላለች፤ ማታ ቤት ገብታ የሚያናግራት ስታገኝ ድምፅዋ ጎርነን ብሎ ይወጣና እሷኑ ያስደነግጣታል። ደግሞ አንድ የሚያስቅ ነገር አለ። የሽታ ተክል በሚባዛበት በዚያ ክፍል የሚሸተው አልኮልና ላምባ ብቻ ነው። ጦስኞቹ ከነሽታቸው ተወትፈዋል፤ ሽታ ይኑራቸው አይኑራቸው እንኳ የሚያውቅ የለም።

ሦስተኛ ዓመታቸው ነው። አብዛኛው ጠርሙስ ነጭ፣ አረንጓዴ ወይም ጥቁር ሻጋታ እያወጣ ይጣላል። የተረፉት ለምልመው ይቆማሉ፤ ሥር ግን አያወጡም፤ ሥር የሌለው ደግሞ ወደ አፈር አይሄድም። በሰለች ይህን ድሮ እራት ላይ ታወራው ነበር። ዛሬም ሻገተብኝ እያለች፣ እየሳቀች፣ ቤተ ሰቡን የምታጫውት መስሏት። ያ ጨዋታ ተጠራቅሞ ዛሬ ጠዋት በግድግዳው በኩል ተመለሰላት።

ነጭ ጋዋኗን ለብሳ እንደ ልማዷ ጠርሙሶቹን አንድ በአንድ እያነሣች በመስኮቱ ብርሃን ታይ ጀመር። ከላይኛው መደርደሪያ የሻገቱትን ለየች። ሐሳቧ ግን እዚያ አልነበረም፤ ወይዘሮ ታንጉት አሁን ደርሰው ይሆናል፣ አሁን ማበጠሪያውን አንሥተው ይሆናል እያለች ነበር። የታችኛው መደርደሪያ ላይ ስትደርስ በአንዱ ጠርሙስ ግርጌ ነጭ ክር አየች። ይኸው ይሄም ሻገተ አለችና ልትለየው ስትል እጇ ቆመ። ማጉያ መነጽሩን አመጣች። ሻጋታ እንደ ጥጥ ይበተናል እንጂ ቀጥ ብሎ አይወርድም፤ ይህ ግን ቀጥ ብሎ ወርዷል፣ ጫፉም ላይ ደቃቅ ፀጉር አውጥቷል። ቀጥሎ ያለውን አነሣች፤ እሱም አለው። ሦስተኛውም አለው።

በርጩማው ላይ ተቀመጠች። ለሰው ልትናገር ዞረች፤ ባዶው ወንበርና ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የአለቃዋ ካፖርት ብቻ ናቸው ያሉት። «ሥር ነው» አለች ለካፖርቱ። ያን ያህል ደስ ብሏት የማታውቅ ሴት ደስታዋን የምታካፍለው ሰው አጣች፤ ደስታም ብቻን ሲሆን እንደ ሐዘን ደረት እንደሚያፍን ያን ጊዜ አወቀች።

ጠርሙሱን ይዛ ወጣችና ፀሐይ ለሚሞቁት ለዘበኛው ለጋሽ ወልደአረጋይ አሳየቻቸው። ሽማግሌው ጠርሙሱን ወደ ሰማይ አንሥተው አዩት።

«እሰይ፣ እንኳን ደስ አለሽ» አሉ። «ይበላል?»

አይበላም አለቻቸው። ይሸጣል ወይ አሉ፤ ገና ነው አለቻቸው። እንግዲያው እግዜር ያሳድግልሽ ብለው መለሱላትና በጋቸው ከትናንት ጀምሮ እንደሚያስለው ያጫውቷት ጀመር። ክፉ ሰው አይደሉም። በሰለች የበጉን ነገር እስከ መጨረሻው ሰማች፤ ለበጉም ምሕረት ለመነችለት።

ጠርሙስ ከጣቢያው ማውጣት ክልክል ነው። እሷም ይህን ደንብ አንድ ቀን ጥሳ አታውቅም። ግን የሙሽራ ሹሩባ ብዙ ሰዓት ይፈጃል፤ አሁን ብትሮጥ ሳያልቅ ትደርሳለች። ጠርሙሱን ከይመኙሻል ፊት ታስቀምጠዋለች። አትጣላም፣ አትናገርም፤ «በቅሏል» ብቻ ትላለች። ከሦስቱ አንዱን መረጠች፣ ብርድ እንዳይገድለው በጨርቅ ጠቅልላ ብብቷ ውስጥ ከተተችው። ገበያውን እያቋረጠች ያቺን አንዲት ቃል በልቧ ትለማመዳት ነበር።

ስትገባ ሴቶቹ ድንገት ዝም አሉ። አልታየች በወይዘሮ ታንጉት ጉልበቶች መሀል አንገቷን ደፍታ ተቀምጣለች፤ ሹሩባው ከግንባሯ እስከ ማጅራቷ ተሠርቶ አልቆ ጫፍ ጫፉ እየታሰረ ነው። ወይዘሮ ታንጉት ምንም የሚያውቁት ነገር የለም። ነይ እንጂ፣ እስኪ እይልን፣ አላማረባትም አሏት። በሰለች አምሮባታል አለች። እውነትም አምሮባታል፤ ያቃጠላትም ይኸው ነው። ይመኙሻል ከሽንኩርቷ ቀና ሳትል ቀደም ብለሽ መጣሽ አለቻት።

በሰለች ጠርሙሱን ከብብቷ አወጣችው። ስትለማመዳት የመጣችው ቃል ግን ከአፏ አልወጣ አለች።

«ሥር አወጣ» አለች በምትኩ። ድምፅዋ እንደ ወትሮው ጎርነን ብሎ ወጣ።

ወይዘሮ ታንጉት ዝምታው ከብዷቸው ይሁን ወይም እውነት ጓጉተው፣ እስኪ አምጪው፣ ምንድን ነው አሉ። ጦስኝ ነው አለቻቸው። ሴትዮዋም የዚያ አገር ሰው ሁሉ ጦስኝ ባገኘ ጊዜ የሚያደርገውን አደረጉ፤ የጥጡን ውታፍ ነቀሉ፣ ቅቤ በጠገበ ጣታቸው ችግኟን መዝዘው አወጡ፣ ቅጠሏን አሸት አሸት አድርገው ወደ አፍንጫቸው ወሰዱ። በሰለች እጇን ዘርግታ ነበር፤ አልደረሰችም።

«ምንም አይሸትም እኮ» አሉና ለጎረቤታቸው ሰጡ። እሷም አሸተተች። ችግኟ ከእጅ ወደ እጅ ዞራ ይመኙሻል ጋ ደረሰች። ይመኙሻልም አሸተተች፤ «ጠርሙስ ውስጥ ያደገ ነገር ምን ሊሸት» ብላ ለበሰለች መለሰችላት። በጓዳው የገብረጻድቅ መወርወሪያ አንድ ጊዜ ቆም አለ። ሁሉም ሰው ሰማው። ከዚያ ቀጠለ። አልታየች አንገቷን እንደደፋች ነበር።

በሰለች ችግኟን በመዳፏ ይዛ ወደ ክፍሏ ገባች። ቅጠሎቿ ረግበዋል፤ ሥሯ ላይ ግን የምግቡ ቁራጭ እንደተጣበቀ ነው። ወደ ጠርሙስ ልመልሳት ብትል ቅቤና ሰው የነካት ስለሆነች ሰኞ ሻጋታ ሆና ነው የምትገኘው። ስለዚህ ከጓሮ አፈር አምጥታ በቲማቲም ቆርቆሮ ሞላች፣ በጣቷ ጉድጓድ አበጅታ ተከለቻት፣ ውሃ ረጨችባት፣ በላይዋም የውሃ ብርጭቆ ደፋችባት። በጠርሙስ ያደገ ተክል ነፋስ አያውቅም፤ ቀስ በቀስ ካላለማመዱት ይሞታል። ሁለቱ ጠርሙሶች በመደርደሪያው ላይ አሉ፤ ሥራውስ አልሞተም። እሷን ያስለቀሳት ሌላ ነው። ከዚያ ሁሉ ሴት መሀል፣ ከወንድሟም፣ ካሳደገቻት ልጅም፣ አንድ ሰው ተዉ አላለም። ከባሏ ቤት ዕቃዋን በአህያ ጭና በወጣች ቀን እንኳ እንደዚያ ብቸኝነት አልተሰማትም። ሻሿን ፈትታ ዓይኗን ጠረገችበት፤ የቅቤውንም ቆርቆሮ በእግሯ ወደ አልጋው ሥር ገፋ አደረገችው።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሴቶቹ ወደ ዳሱ ወጡ፤ ከበሮ መመታት ጀመረ። መጋረጃው ተገለጠና አልታየች ነጠላ ተከናንባ ገባች።

«እትዬ፣ ቅቤሽ የታለ?» አለች።

በሰለች አልገባትም። ልጅቷ መልስ ሳትጠብቅ ነጠላዋን አወረደች፣ በርጩማ ላይ ጀርባዋን ሰጥታ ተቀመጠች፣ ሹሩባዋን በእጇ ገለጥ አደረገች። ከግራ ጆሮዋ ጀርባ ያልተሠራ አንድ ዘለላ ፀጉር ነበር፤ እንዳይታይ ከሌላው ሥር ተሸጉጧል።

«ወይዘሮ ታንጉትን እዚህ ጋ ቁስል አለብኝ፣ አይንኩኝ አልኳቸው። ለአንቺ ያስተረፍኩት ነው።»

በሰለች እጇን ጭኗ ላይ እንዳጣመረች ቀረች። «እናትሽ ያለችውን ሰምቻለሁ» አለች።

«እኔም ሰምቻለሁ» አለች አልታየች።

ልጅቷ ለምን ምንም እንዳልተናገረች አልተናገረችም፤ በሰለችም አልጠየቀቻትም። ዳሱ ውስጥ ዘፈኑ ደመቀ። «ቶሎ በይ እትዬ፣ ይፈልጉኛል» አለች አልታየች፣ ድምፅዋ እየተሰበረ።

በሰለች ጎንበስ ብላ ቆርቆሮውን ከአልጋው ሥር ሳበችው። ከዓመታት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ጣቷን ቅቤ ውስጥ ነከረች። ዘለላውን አርሳ በሦስት ከፈለችው፤ ጣቶቿ መንገዱን አልረሱትም። ቶሎ በይ ብትባልም ቶሎ አላለችም፤ ከሥሩ ጠበቅ፣ እየወረደ ላላ እያደረገች፣ ስታሳድጋት እንደምትሠራት ሠራቻት። አንድ ጉንጉን ስንት ጊዜ ይፈጃል! አለቀ። ጫፉን ቋጠረችና በሌላው ሥር መልሳ ሸጎጠችው፤ ማንም አያየውም። ከውጭ አልታየች፣ አልታየች የሚል ድምፅ መጣ። ልጅቷ ተነሥታ ጉልበቷን ሳመቻትና ስትዞር በቲማቲሙ ቆርቆሮ ላይ የተደፋውን ብርጭቆ አየች።

«ትበቅላለች?»

«እንጃ» አለች በሰለች። «ነፋሱን ከቻለችው ትበቅላለች። ያን ጊዜ ትሸታለች።»

አልታየች ነጠላዋን ተከናንባ ወጣች። በሰለች እጇን ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች፤ ቅቤ፣ አደስና የልጅቷ ፀጉር ይሸታል። ሰኞ ጠዋት ላቦራቶሪው ከመግባቷ በፊት እስከ ክርኗ በአልኮል መታጠብ አለባት። ነገ ግን እሑድ ነው። በማሰሮ ያለውን ውሃ አየችና ተወችው፤ እጇን በነጠላዋ ጫፍ እንኳ ሳትጠርግ ጭኗ ላይ አስቀምጣ የሠርጉን ዘፈን በግድግዳው በኩል አዳመጠች።